ከሐዋሳ ወጣ ብሎ የአንድ ቀን የእግር ጉዞ፦ ትንሽ ከተማ ላይ ስንጨርስ መመለሻ መኪና እንዴት ይገኛል?

የሐይቅ ዳር ልጅ
ኅዳር 9

ሰላም ለሁላችሁ። ሐዋሳ ነው የምኖረው። እሁድ እሁድ በእግር መሄድ ከጀመርኩ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ታቦርን ጨርሰነዋል፤ በየት በኩል መውጣት እንደሚቀል፣ የትኛው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሐይቁን ማየት እንደሚያምር ሁሉ ለይተናል። አላሙራንም ደጋግመን ወጥተነዋል። ፍቅር ሐይቅ ዳር መመላለስ ደስ ይላል፤ ለኔ ግን እሱ ሽርሽር እንጂ ጉዞ አይደለም።

አሁን የምንፈልገው ጠዋት ከከተማ ወጥተን፣ ገጠር ለገጠር ስንሄድ ውለን፣ ማታ ቤታችን መግባት ነው። ሦስት ነን፤ እኔ፣ ታናሽ እህቴና የሥራ ባልደረባዬ። መኪና የለንም። ስለዚህ አንድ ቦታ በታክሲ ደርሰን፣ በእግር ተጉዘን፣ ሌላ ቦታ ላይ ጨርሰን መመለስ ነው የሚያዋጣን። መነሻው ወይም መድረሻው ትንሽ ከተማ ቢሆን ሻይም ምግብም መኪናም አይጠፋም ብዬ አስቤ ነበር። የጠፋው መኪናው ነው።

ጥቅምት 30 እሁድ ከባልደረባዬ ጋር በዲላ መንገድ ሄደን ወረድንና ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ ገባን። አራት ሰዓት ያህል ተጉዘን አንዲት ትንሽ ከተማ ደረስን። ስሟን አልጠቅስም፤ ከተማዋን መውቀስ አልፈልግም። ሰው በሰው ነበረች። አይሱዙው፣ ዶልፊኑ፣ ባጃጁ፣ ሞተሩ መንገዱን ሞልቶታል። ቆጮ በጎመን በላን፣ አቮካዶ ገዛን፣ ረዳቱ "ሐዋሳ፣ ሐዋሳ" እያለ ሲጣራ ገባን። 11 ሰዓት ላይ ቤቴ ነበርኩ። እንዴት ደስ እንዳለኝ!

በሳምንቱ፣ ኅዳር 7፣ እህቴንም ይዘናት በዚያው መንገድ፣ በዚያው ሰዓት ሄድን። ከተማዋ ጭር ብላለች። ሱቆቹ ግማሾቹ ዝግ ናቸው። አንድ መኪና የለም። አንድ ባለ ሞተር እናንተን ወስጄ ባዶዬን አልመለስም አለን። 12 ሰዓት አለፈ፣ ጨለመ። እህቴ ዝም አለች፤ እሷ ዝም ካለች ፈርታለች ማለት ነው። በመጨረሻ አቮካዶ የጫነ አይሱዙ ሲያልፍ እጃችንን አውለበለብን። ሾፌሩ እግዚአብሔር ይስጠው ጋቢና አስገባን። ሐዋሳ የገባነው ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። እናቴ በር ላይ ቆማ ነበር የጠበቀችን። ከዚያ ወዲህ "ሁለተኛ ገጠር የምትሉትን እንዳልሰማ" ብላለች።

እኔ ግን መተው አልፈልግም። ያን ቀን ያየሁት አገር ከሐዋሳ ሃምሳ ኪሎ ሜትር እንኳ ሳይርቅ እስከዛሬ አለማወቄ ይቆጨኛል። የማታውቁት ቦታ ስትሄዱ መኪና መኖር አለመኖሩን በምን ታውቃላችሁ? ሌላስ የምትመክሩን መንገድ አለ?

ባለ ባጃጁ
ኅዳር 9

እሁድ ስለሆነ ነው እህቴ። እሁድ ሹፌሩም ቸርች ይሄዳል፣ ያርፋል። ትንሽ ከተማ ላይ ደግሞ ሰው ካልሞላ መኪና አይነሳም። አንድ ነገር ልምከርሽ፤ ጠዋት የወሰደሽን ሹፌር ስልኩን ተቀበዪው። ማታ ደውለሽ "አለህ?" ማለት ነው። ካለ ይመጣል። ከሌለም የሚያውቀውን ይልክልሻል። እኛ እርስ በርስ እንተዋወቃለን።

ሌላው፣ ዋጋውን ሳትወጪ ተስማሚ። ከመሸ በኋላ ሁሉም ዋጋ ሌላ ነው።

የይርጋለሙ መምህር
ኅዳር 9

ልጄ፣ የደረሰብሽን አንብቤ ሳልጨርስ ነው ምክንያቱ የገባኝ። መጀመሪያ የሄድሽበት እሁድ የገበያ ቀን ነበር። ሁለተኛው እሁድ አልነበረም። ባለ ባጃጁ ወንድማችን ያለውም እውነት ነው፤ ነገር ግን በእሁድነቱ ቢሆን ኖሮ የመጀመሪያውም ቀን እሁድ ነበር።

ገበያ ከሆነ በየሳምንቱ እሁድ መሆን ነበረበት ትይኛለሽ። እዚህ ላይ ነው ነገሩ። የሲዳማ የጥንት ሳምንት አራት ቀን ነው። ዲኮ፣ ዴላ፣ ቀዋዶ፣ ቀዋላንካ ይባላሉ። ዲኮ ራሱ ገበያ ማለት ነው። ሽማግሌዎች ቀን የሚቆጥሩት፣ ቀጠሮ የሚይዙት በዚህ ነበር። ዛሬ አስፋልት ዳር ያሉት ትልልቅ ገበያዎች አብዛኞቹ ወደ ሰባት ቀኑ ሳምንት ገብተዋል። ገባ ብለው ካሉት ውስጥ ግን እስካሁን በየአራት ቀኑ የሚቆሙ አሉ። የአንቺዋም ከነዚያ አንዷ ትመስለኛለች።

እስቲ አብረን እንቁጠር። ጥቅምት 30 እሁድ ቆመ። የሚቀጥለው ኅዳር 4 ሐሙስ ነው። ከዚያ ኅዳር 8፣ ሰኞ። አንቺ የሄድሽው በ7። አንድ ቀን ቀድመሽ ደርሰሻል! በማግስቱ ብትሄጂ ኖሮ መቆሚያ ቦታ አታገኚም ነበር። አራትና ሰባት የሚገናኙት በ28 ቀን አንድ ጊዜ ነው፤ ስለዚህ እንዲህ ያለ ገበያ እሁድ ላይ የሚውለው በየ28 ቀኑ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው አንድ እሁድ አይቶ "እሁድ እሁድ ይቆማል" ብሎ ይሳሳታል። እኔም ወጣት መምህር ሆኜ ከሌላ አገር የመጡ ባልደረቦቼ ሲሳሳቱ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ለመኪናው ጉዳይ የምመክርሽ ይህን ነው፤ ከአስፋልት ወደ ውስጥ አትሂጂ። ከውስጥ ወደ አስፋልት ነይ። ጠዋት ወደ ውስጥ የሚገባ አንድ ነገር አይጠፋም። ሞተርም ቢሆን፣ አይሱዙም ቢሆን። ባይገኝ እንኳ ገና አስፋልት ላይ ነሽ፣ የጠፋብሽ አንድ ሰዓት ነው፤ ሌላ መንገድ ትመርጫለሽ። ማታ ግን ደክሞሽ፣ ርቦሽ፣ ሊጨልም ሲል አስፋልት ላይ ከደረስሽ ከዲላ ወደ ሐዋሳ የሚያልፍ መኪና አለ። ጭንቀቱን ጠዋት ጨርሰሽው ትሄጃለሽ ማለት ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ይርጋለምን ሞክሩ። አገሬ ስለሆነ አይደለም፤ ወይም ስለሆነም ይሆናል። ሐዋሳ ገና ሳትቆረቆር የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ይርጋለም ነበረች። ወጣት ሳለሁ ደመወዝ ለመቀበል ከማስተምርበት ቀበሌ እስከዚያ በእግር እንመጣ ነበር። ከተማዋ ላይ ቁርሳችሁን ብሉ፣ ቀስ ብላችሁ አሮጌዎቹን ቤቶች እዩ፣ ከዚያ ወደ ጊዳቦ ወንዝ በሚወስደው አቅጣጫ በመንደሮቹ መሃል ዞር ዞር እያላችሁ አፖስቶ ላይ አስፋልቱን ያዙ። በመኪናው መንገድ አጭር ነው። በእግር መንገዱ ግን ግማሽ ቀን ይፈጅባችኋል፤ ምክንያቱም ቡና ጠጡ የሚላችሁ ሰው አይጠፋም።

መንገድ ስትጠይቂ "ሩቅ ነው ወይ?" አትበዪ። "ቅርብ ነው" ነው የሚሉሽ። ክፋት የለበትም፤ ለነሱ እውነትም ቅርብ ነው። "ስንት ሰዓት ያስኬዳል?" በዪ። አንድ ሰዓት ካሉሽ ለናንተ አንድ ሰዓት ተኩል ያዢ። ደግሞ ከመጠየቅሽ በፊት ሰላም በዪ። "ኬሬ" ማለት ሰላም ማለት ነው። ይህችን አንዲት ቃል ከእንግዳ አፍ የሰማ የሲዳማ ሽማግሌ መንገድ አሳይቶ ብቻ አይተውሽም፣ እስከ መታጠፊያው ይሸኝሻል።

ጉሬዛ
ኅዳር 10

መምህር ያሉት የገበያ ነገር ገርሞኛል፤ እዚህ አምስት ዓመት ስኖር አላውቅም ነበር። እናመሰግናለን።

እኔ ወንዶ ገነት ነው የተማርኩት፣ ደን ኮሌጁ። 1970 ዓ.ም. ነው የተቋቋመው፤ አሁን በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሥር ነው። ለናንተ ጥሩ የሚሆነው መንገድ ከዚያ የሚነሳው ይመስለኛል። ከሐዋሳ ሻሸመኔ፣ ከሻሸመኔ ወንዶ ገነት። ከተማዋ ላይ ወርዳችሁ ወደ ፍል ውሃው በእግር ውጡ። መንገዱ ዳር ዳር ሸንኮራ ነው፣ ጫት ነው፣ የመስኖ ቦይ ነው። ፍል ውሃው መነሻው ላይ ስለሚፈላ ሰው ድንችና በቆሎ ይቀቅልበታል። እኛም ተማሪ ሆነን ድንች በፌስታል አንጠልጥለን ነበር የምንወጣው። ጨው ብቻ ያዙ።

ከፍል ውሃው በላይ ደኑ ይጀምራል። ዝግባ አለ፣ ዋንዛ አለ፣ ብሳና አለ። ጉሬዛ ማየት ከፈለጋችሁ ወደ ላይ እያያችሁ ቀስ በሉ። ነጭ ጭራው ነው ቀድሞ የሚታየው፤ ቅርንጫፉ ላይ ነጭ ነጠላ የተሰቀለ ይመስላል። ጎህ ሲቀድ ያጓራሉ። ዶርም ተኝተን ከሩቅ እንሰማቸው ነበር። አሁን ሐዋሳ ሆኜ ከሁሉ የሚናፍቀኝ እሱ ድምፅ ነው።

ጠንካራ ከሆናችሁ ወደ አባሮ ተራራ አናት መውጣት አለ፤ ከ2,500 ሜትር በላይ ነው። እሱን ግን ያለ አስጎብኚ አትሞክሩት። የአካባቢውን ልጅ ያዙ፣ ክፍያውን መጀመሪያ ተነጋገሩ። ደኑ ውስጥ መንገዱ ከብት የሚነዳበትም እንጨት የሚለቀምበትም ስለሆነ በየቦታው ይከፈላል፤ ካርታ ላይ የማይታይ ብዙ ነው። ደግሞ ከመሄዳችሁ በፊት የዚያ ሳምንት ሁኔታ እንዴት እንደሆነ እዚያ የሚኖር ሰው ጠይቁ። በወሬ አትሂዱ፣ በወሬም አትቅሩ።

ስትመለሱ በመጣችሁበት አትውረዱ። በሌላው ጎን በእርሻው መሃል ውረዱና ከተማዋ ላይ ጨርሱ። ከሻሸመኔ ጋር የሚመላለስ መኪና አለ። እኔ ግን ከ10 ሰዓት በኋላ ደን ውስጥ አልቆይም። ዛፉ ስለሚጋርድ ከሜዳው ቀድሞ ይጨልማል።

ኮንጎ ጫማ
ኅዳር 10

በመምህር ምክር ላይ በአክብሮት ልዩነት አለኝ። ከውስጥ ወደ አስፋልት መምጣት ለመኪና ጥሩ ነው፣ አልካድኩም። ግን በገበያ ቀን ወደ ገበያው አብሮ መሄድን የሚያክል ነገር የለም። እኔ ሁልጊዜ የማደርገው እሱን ነው።

ለምን መሰላችሁ? በሌላ ቀን ገጠር ውስጥ ስትሄዱ እንግዳ ናችሁ። ውሻ ይጮኻል፣ ሰው ቆም ብሎ ያያችኋል፣ "ወዴት ናችሁ?" ይላችኋል፣ ምን ብላችሁ እንደምትመልሱ ይጠፋችኋል። "በእግር ለመሄድ ብቻ ነው የመጣነው" ስትሉት አይገባውም፤ ልክም ነው። በገበያ ቀን ግን ሁሉም መንገደኛ ነው። ከየጓሮው ሰው ይወጣል፤ ቀጭኗ መንገድ ከሌላ ቀጭን መንገድ ጋር ትገናኛለች፣ ሰው ይበዛል፣ ትንሽ ቆይቶ መንገዱ ራሱ የሚሄድ ይመስላችኋል። ቆጮ በእንሰት ቅጠል ጠቅልላ ያዘለች አለች። ማሰሮና ጀበና በገመድ አስራ ጀርባዋ ላይ የደረደረች አለች፤ እርምጃዋን አይታችሁ ታውቃላችሁ? አንድም አይጋጭም። ዶሮ በብብቱ የያዘ ልጅ አለ። "ወዴት ናችሁ?" ሲሏችሁ "ገበያ" ትላላችሁ፣ አለቀ። አብራችሁ ትሄዳላችሁ። ካርታም አያስፈልግም።

ጊዜውን ግን እወቁ። ሰው በብዛት የሚንቀሳቀሰው ረፋዱ ላይ ነው፤ ገበያው የሚደምቀው ከሰዓት ነው። ከተማዋ እንደደረሳችሁ መጀመሪያ ምግብ ቤት አትግቡ። መጀመሪያ መኪናውን አግኙ፣ የመጨረሻው ስንት ሰዓት እንደሚወጣ ጠይቁ፣ ከተቻለ ቦታ ያዙ። ከ10 ሰዓት በኋላ ሁሉም ሰው በአንዴ ነው የሚመለሰው፤ ያኔ መኪናው ሞልቶ ትርፍ ጭኖ ነው የሚሄደው። እሱ ላይ ደግሞ እኔ አልሳፈርም። አንድ ጊዜ ተሳፍሬ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬኑ ሲጮህ ሰምቻለሁ። ወርጄ በእግሬ ነው የጨረስኩት።

ሲስተር
ኅዳር 11

ጤና ጣቢያ ነው የምሠራው፤ ከጉዞ መልስ እግራቸው የቆሰለ ሰዎች ስለሚመጡ ትንሽ ልበል።

አዲስ ጫማ አድርጋችሁ ረጅም መንገድ አትውጡ። ውሃ የሚቋጥረው እዚያ ላይ ነው። ጥፍራችሁን ከጉዞው ሁለት ቀን በፊት ቁረጡ፤ ቁልቁለት ላይ ጥፍር ከጫማ ጋር ሲጋጭ ይጠቁራል። ካልሲ ትርፍ ያዙ። ጭቃ ሆነ ብላችሁ ጫማችሁን አውልቃችሁ በባዶ እግር አትሂዱ። በአንድ ቀን ምንም ባይደርስባችሁም ልምዱ ጥሩ አይደለም። የኛ አገር ቀይ አፈር እሳተ ገሞራ የፈጠረው ነው፤ ለብዙ ዓመት በባዶ እግር የሚረግጡት ሰዎች ላይ ያ ዝሆኔ የምንለው የእግር እብጠት ይመጣል። ትንኝ አይደለም የሚያመጣው፣ እርግማንም አይደለም፣ አፈሩ ነው። በጫማና እግርን በሳሙና በመታጠብ መከላከል ይቻላል። እግሩ ያበጠ ሰው መንገድ ላይ ብታገኙ አትሽሹት፤ አይተላለፍም። ይሄን በየመንደሩ የሚያስረዳ ሰው ባገኝ ደስ ይለኛል፤ እናንተም ስታልፉ ብትናገሩ ትልቅ ነገር ነው።

ውሃ ለአንድ ሰው ሁለት ሃይላንድ፣ ባለ አንድ ሊትሩ። ኦ አር ኤስ አንድ ፓኬት ቦርሳ ውስጥ አይከብድም። ሐይቁ ውስጥና ቀስ ብሎ በሚፈስ ውሃ ውስጥ ገብታችሁ አትታጠቡ፤ ብልሃርዚያ አለ። በጥቁር ውሃ በኩል በሐይቁ ዳር የምትሄዱ ከሆነ ደግሞ ሲመሽ ሳሩ ውስጥ አትግቡ። ጉማሬ ለመጋጥ የሚወጣው ያኔ ነው፣ በሱና በውሃው መሃል መቆም አደገኛ ነው።

አሁን ኅዳር ነው፣ ዝናቡ ቀንሷል። እስከ ጥር ድረስ ያለው ጊዜ የተሻለው ነው። የካቲት ካለፈ በኋላ በልጉ ሲገባ ያ ቀይ አፈር ሳሙና ይሆናል።

የሐይቅ ዳር ልጅ
ኅዳር 11

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። መምህር፣ የጻፉትን ለእናቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። አራት ቀን የሚለው ላይ ስደርስ አስቆመችኝና በጣቷ መቁጠር ጀመረች። "እንግዲያ ሰውየው እውነቱን ነው" አለች። ትንሽ ለዝባለች። እሁድ ከውስጥ ወደ አስፋልት እንሞክረዋለን፤ ያችኑ ከተማ፣ ያንኑ መንገድ ገልብጠን። ይርጋለም ቀጥሎ ነው። አይቀየሙኝ፤ ያቺን መንገድ በፍርሃት አልተዋትም ብዬ ነው።

የሐይቅ ዳር ልጅ
ኅዳር 15

ትናንት ሄድን፣ ተመለስን! 10 ሰዓት ከሩብ ላይ አስፋልት ላይ ነበርን። አሥር ደቂቃ እንኳ ሳንቆም ከዲላ የመጣ ዶልፊን አነሳን።

ጠዋት መገንጠያው ላይ ወርደን አርባ ደቂቃ ጠበቅን። የገበያ ቀን ስላልነበር ባጃጅ አልነበረም፤ ሁለት ሞተር ተገኘ። እህቴና ባልደረባዬ በአንደኛው፣ እኔ በሌላው። ከተማዋ ልክ እንደ ኅዳር 7 ጭር ብላ ነበር። ግን አሁን ምክንያቱን ስለማውቅ አላስፈራችኝም። ሻይ ቤቷ ክፍት ነበረች፤ በቦንቦሊኖ ቁርሳችንን በላንና ተነሳን።

መንገዱ ሲገለበጥ ሌላ መንገድ ሆነ። ስንሄድ ያላየነውን ሁሉ አየን። አንድ ቁልቁለት ጨርሰን ስንታጠፍ የቡና ማጠቢያ አለ። ከማየታችን በፊት ሸተተን፤ ኮምጠጥ ያለ፣ ጠላ ቤት የሚመስል ሽታ ነው። ገንዳው ውስጥ የተፈለፈለው ቡና እየተብላላ ነው አሉን። ከዚያ ወዲያ ረጃጅም አልጋዎች ተደርድረዋል። ሴቶቹ በሁለት ረድፍ ቆመው እርጥቡን ቡና በእጃቸው ይገለብጣሉ፣ የተሰነጠቀውንና የጠቆረውን ለቅመው ይጥላሉ። እጃቸው ከመፍጠኑ የተነሳ የቱን እንደሚያነሱ አይታይም። አንዷ አንድ ፍሬ አንስታ ሰጠችኝና "ይህን ለምን ጣልኩት?" አለችኝ። አገላበጥኩት፣ ምንም አላየሁም። በጥፍሯ አሳየችኝ፤ መርፌ የወጋው የሚያክል ቀዳዳ ነበረበት። ነፍሳት ነው የበሳው። እኔ ቡና ስለቅም ኖሬ እሱን አላየሁትም።

ከዚያ ደግሞ እንሰት የምትፍቅ እናት ጓሮ አጠገብ አለፍን። "ኬሬ" አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝ፣ ሳቁ፣ "ዳኤ ቡሹ" (እንኳን ደህና መጣችሁ) ብለው በእጃቸው ጠሩን። ጣውላው እንሰቱ ላይ ተደግፏል። እሳቸው መሬት ላይ ተቀምጠው አንድ እግራቸውን ከፍ አድርገው ቅርፊቱን በተረከዛቸው ከጣውላው ጋር ያዙት፤ በቀርቀሃ መፋቂያ ከላይ ወደ ታች ሲስቡ ነጩ ነገር ተጠራቅሞ ይወርዳል፣ ውሃው በጣውላው ጫፍ ይንጠባጠባል። ከሥር ቃጫው ብቻ ይቀራል። የተፋቀው ጉድጓድ ውስጥ በቅጠል ታፍኖ ሳምንታት ይቆያል። እህቴ ልሞክር አለች። ሦስት ጊዜ ሳበች፣ ክንዷ ዛለ። እሳቸው በዚያ ቀን ከጠዋት ጀምሮ አራተኛቸው እንሰት ነበር። ቡና ሳንጠጣ አንሄድም ሆነ። ሦስተኛውን ስኒ ጠጥተን ስንነሳ ሰባት ሰዓት ተኩል ሆኗል፤ ወደ አስፋልት እየመጣን ስለሆነ ግን ልቤ አልተሰቀለም።

ሲስተር፣ እግሩ ያበጠ አንድ አባት አገኘን። መንገድ ለቀቁልን፤ እንድንጠየፋቸው የጠበቁ ይመስሉ ነበር። ቆምኩና ጨበጥኳቸው። ያልሽውን ለልጃቸው ነገርኩት፤ ጤና ጣቢያ እንዲወስዳቸውም ነገርኩት። ስልኬን ተቀብሏል።

ኮንጎ ጫማ፣ ያንተን ደግሞ ልሞክረው ነው። እናቴ ራሷ "ገበያው በሚቆምበት ቀን እኔም እመጣለሁ" ብላለች! ቅዳሜ ሥራ ስለምገባ እሁድ መሆን አለበት። መምህር፣ እኔ ስቆጥር ኅዳር 28 እሁድ ይወጣልኛል። ልክ ነኝ?

የይርጋለሙ መምህር
ኅዳር 15

ልክ ነሽ ልጄ። 12 ዓርብ፣ 16 ማክሰኞ፣ 20 ቅዳሜ፣ 24 ረቡዕ፣ 28 እሁድ። እናትሽን ይዘሽ ከመሄድሽ በፊት ግን ያ የሞተር ልጅ ስልኩ ካለሽ ቅዳሜ በ20 ደውዪለት። ገበያው ቆሟል ካለሽ በ28 መቆሙን እመኚ። አልቆመም ካለሽ እኔ ተሳስቻለሁ፤ እሱን ትክክለኛውን ቀን ጠይቂውና ከዚያ ጀምረሽ ቁጠሪ።

እናትሽን መንገዱን በሙሉ በእግር አታስኬጂያቸው። አጋማሹ ድረስ በሞተር ውሰጃቸውና የገበያው ሰው ከሚበዛበት መገናኛ ላይ አብራችሁ ግቡ። ባዶ ዘንቢል አትርሱ። ቃጫ ከዚያ ይግዙ፤ ሐዋሳ ከሚሸጠው ይሻላል።